በቆርኪ የተማርኩት ፖከር

ጥር 6

ለእታለሜ፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ከአልጋ አለመውረዴን ካልቆጠርሽብኝ ደህና ነኝ። ጽሑፉ ለምን እንዲህ ተንጋደደ ብለሽ ጠይቀሻል። እጄ ምንም አልሆነም። ተንጋልዬ፣ ወረቀቱን ደረቴ ላይ በምግብ ትሪ አስደግፌ ስለምጽፍ ነው። እስኪሪብቶ ወደ ላይ ሲያንጋጥጥ ቀለሙ እምቢ ይላል፤ እያራገፍኩ ነው የምጽፈው። ነጠብጣቡን እንባ ነው ብለሽ እንዳትደነግጪ።

እግሬም ደህና ነው። ሐኪሞቹ ያዩታል፣ ይነጋገራሉ፣ ይሄዳሉ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ። እንዴት እንደወደቅክ ዝርዝሩን ጻፍልኝ ያልሽውን ግን እለፊኝ። የመብራት ምሰሶ ነው፤ ለሥራ ወጣሁ፣ ወረድኩ። አወራረዴ ትንሽ ፈጠን አለ እንጂ።

ይልቅ ስለ ክፍላችን ልንገርሽ። አራት ነን። በር አጠገብ የተኛው የከባድ መኪና ሹፌር ነው። መኪናው ተገልብጦበት ያልተሰበረው አፉ ብቻ ነው። ከሱ ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪ አለ፤ ዳቦ ጭኖ ከብስክሌት ወድቆ ሁለቱም ክንዱ በጀሶ ተገትሯል፣ መንገደኛ ሊያቅፍ የተዘጋጀ ነው የሚመስለው። በመስኮቱ በኩል ጡረታ የወጡ ዳኛ አሉ፤ የገዛ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ሰው ሁሉ ጉድ ሲል እሳቸው ፊታቸው ላይ አንዲት ነገር አትነበብም። አራተኛው እኔ፣ ቀውላላው ወንድምሽ፣ እግሬ ከአልጋው ጫፍ የሚያልፍብኝ።

ሹፌሩ ፖከር አስተማረን። አምስት አምስት ካርታ ይታደላል፣ የማይረባህን ትቀይራለህ፣ ከዚያ ጥሩ የያዘ ቆርኪ ይጨምራል፣ ያልያዘ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ ወይም እንደ ሹፌሩ የሌለውን እንዳለው ያስመስላል። ቆርኪ ያልኩሽ ጠያቂዎች ከሚያመጡልን ለስላሳ የሚቀረው ነው። ሲስተር ድምፅ እስካላሰማን ድረስ አላየሁም ብላለች። ጋጋሪው ካርታውን የሚይዝበት እጅ ስለሌለው የመድኃኒት ካርቶን ቀደን መደርደሪያ ሠራንለት።

እኔ ግን ቆርኪ አይበረክትልኝም። ዛሬ ከምሳ በፊት አልቆብኝ ተመልካች ሆንኩ። አንቺ እዚያ የውሃ ጉድጓድ ካምፕ፣ ከምታበስይላቸው ቆፋሪዎች ጋር ትጫወቻለሽ፣ ወጥ ሠሪዋ ሁሉንም አራግፋ ትሸኛቸዋለች ሲባል ሰምቻለሁ። እስቲ ለራስሽ ሰው ደግሞ አስተምሪ።

ወንድምሽ

ጥር 15

ለቀውላላዬ፣

የስንቅ መኪናዋ ዛሬ ገባች፤ ከሽንኩርቱና ከዘይቱ መሃል ደብዳቤህን ሳገኝ ሾርባዬን ትቼ ቆሜ አነበብኩት። ሾርባው ገንፍሎ ምድጃውን አጠፋው። ቆፋሪዎቹ ምሳ ዘገየ ብለው ቢያጉረመርሙ ወንድሜ ፖከር ጀመረ አልኳቸው፤ ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ይቅር አለኝ።

መቼ ትመጫለሽ እንዳትለኝ፤ መልሱ ያሳዝናል። ጉድጓዱ ውሃ ሳይሰጥ ማንም ፈቃድ አያገኝም። ለሠላሳ ሰው የሚያበስል ሌላ የለም። እህትነቴን ግን የሚከለክል የለም።

ወደ ካርታው ልምጣ። እንዴት እንደምትጫወት ሳላይ አውቀዋለሁ። የደረሰህን ሁሉ ይዘህ ትገባለህ። አይደል? ምክንያቱም ካርታ ጥሎ ቁጭ ማለት ላንተ ከሠርግ ቤት ደጃፍ እንደ መመለስ ነው። ሕፃን ሆነህም በር ሲከፈት ካልገባሁ ሞቼ እገኛለሁ የምትል ነበርክ። ወንድሜ፣ ይህ የጀማሪ ሁሉ በሽታ ነው። አብዛኛው እጅ አይረባም። አይረባም ስልህ ደግሞ፣ ስትቀይረው ይስተካከላል ብለህ የምታስበውም አይረባም። ጥለህ ተመልከት። መመልከት ጨዋታ ያልሆነ ይመስልሃል፤ ዋናው ጨዋታ እሱ ነው።

ሁለተኛ፣ ፊትህን ጠብቅ። ጥሩ ነገር ስትይዝ ድምፅህ ይጠፋል፤ መጥፎ ስትይዝ ወሬ ታበዛለህ። እኔ ያሳደግኩህ አውቃለሁ፤ ያ ሹፌርም እስካሁን አውቆታል። ልብ በል፣ በደብዳቤህ ውስጥ ስለ እግርህ አንድ መስመር ጻፍክ፣ ስለ ቆርኪ ግን ገጽ ሙሉ።

ትኩሳት አለህ ወይ? እንዳልቆጣ ብለህ የምትደብቀኝ ነገር ካለ፣ አልቆጣም። የልጅህን፣ የሚጣዬን ጉንጭ ሳምልኝ።

እህትህ

ጥር 27

እታለሜ፣

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። እንቅልፍ አብዝቼ ነው። ትኩሳት አለህ ወይ ላልሽው፣ ማን ነገረሽ? ትንሽ ነበረኝ፣ ወረደ። ክፍሉ ይሞቃል። ሚጣን ሕፃን ስለማያስገቡ አላየኋትም፤ እናቷ ግን በመጣች ቁጥር የሣለችውን ሥዕል ታመጣልኛለች። ሁሉም ላይ እኔ ምሰሶ ጫፍ ላይ ነኝ፤ ምሰሶው ከኔ ያንሳል።

ትምህርትሽን ሞከርኩት። ሁለት ቀን እንደ መነኩሴ ታግሼ መጥፎውን ሁሉ ጣልኩ። ቆርኪዬ ከፍ አለ። በሦስተኛው ቀን ግን ሹፌሩ አስመስሎ በባዶ እጁ አባረረኝና ካርታውን ገልጦ አሳየኝ፤ ባዶ! ሳቀብኝ። ደሜ ፈላ። ካሁን በኋላማ እኔም አስመስላለሁ አልኩ።

ማንን መረጥኩ መሰለሽ? ጋጋሪውን። ምንም ሳልይዝ ቆርኪዬን ግማሹን ወደ መሃል ገፋሁ። የዋህ ነው፣ ይደነግጣል ብዬ። እሱ ካርቶኑ ላይ የተደረደረውን ካርታ እያየ፣ “ይህቺ ቀይዋ ሴትዮ ምን ነበረች?” አለኝ።

“ንግሥት ናት።”

“ስንት አሉኝ?”

“እኔ እንዴት ልወቅ፣ የኔ ካርታ አይደል!”

“እንግዲያው ልቆይ፤” አለ። “ከዚህ ሁሉ ነገር ምን እንደያዝክ ማየት ይሻለኛል።”

ጨመርኩ። ቆየ። ደግሜ ጨመርኩ። ቆየ። ሰውየው ለካ መፍራትን አልተማረም! እኔ እንደ አንበሳ አገሳለሁ፣ እሱ የሚያገሳው ምን እንደሆነ አልገባውም። ሁለት ንግሥት ይዞ ጠራረገኝ። ዳኛው ካርታቸውን እያጠፉ፣ “የማይሰማን ሰው ማስፈራራት ከግድግዳ ጋር መከራከር ነው፤” አሉ።

ከዚያ መቆም ሲገባኝ እልህ ያዘኝ። የሄደውን ላስመልስ ብዬ በንዴት ተጫወትኩ፤ የቀረችውንም አስረከብኩ። ይህንንም ከስህተቶቼ ጋር ጻፊልኝ።

ሐኪሙ ትናንት ሁለት ሌሎች ሐኪሞች አስከትሎ መጥቶ ነበር። ቁስሉን ከፍተው አዩት። እናያለን አሉ። እንግዲህ እናያለን ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 5

ለወንድሜ፣

ጋጋሪውን ሳመው ብልህ በጀሶ ይመታሃል። ደብዳቤህን ምሳ ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ “ይህቺ ቀይዋ ሴትዮ” አሁን እዚህ ካምፕ ውስጥ የይለፍ ቃል ሆናለች።

አዎ፣ ማስመሰል ለሚገባው ሰው ነው። እልህም ካርታ አያውቅም፤ በተናደድክ ቀን ካርታውን ለሌላ ሰጥተህ ግድግዳ እይ። ይህን ሁሉ ግን ከጊዜ ጋር ትማረዋለህ። የሚከብደው ሌላ ነው።

አንዳንዴ ጥሩ ካርታ ይመጣልሃል። ሁለት ንጉሥ እንበል። ትወደዋለህ። ቆርኪ ትጨምራለህ። ከዚያ ሌላው ሰው ከፍ ያለ ነገር እንደያዘ እየገባህ ይመጣል። ሁሉም ነገር ይነግርሃል። አንተ ግን፣ ይህን ሁሉ ካፈሰስኩ በኋላ እንዴት እተወዋለሁ ትላለህ። በዚያ የተነሳ ደግሞ ትጨምራለህ። ያፈሰስከው መሃል ላይ ከወጣ በኋላ ያንተ አይደለም፤ የሚያስፈልገው እጅህ ላይ የቀረውን ማዳን ነው። ትልቅ ተጫዋች የሚባለው የሚወደውን ካርታ መጣል የሚችል ነው። ያማል። ያማል ግን የቀረውን ይዘህ ትነሳለህ።

ይህን ደጋግመህ አስብበት። ስለ ካርታው ማለቴ ነው።

እህትህ

የካቲት 12

ለእህቴ፣

ስለ ካርታው አልነበረም።

ዛሬ ባለቤቴ መጥታ ነበር። ደብዳቤሽን አነበብኩላት፤ ቦርሳዋን ከፍታ ትዘጋለች፣ ከፍታ ትዘጋለች። ገባኝ። ሐኪሙ መቆረጥ አለበት ያለውን ከወር በፊት ጽፋልሻለች። አንቺም እያወቅሽ፣ እኔ እግሬ ደህና ነው ስልሽ እያወቅሽ፣ በንጉሥና በንግሥት ስታዞሪኝ ከረምሽ።

እታለም፣ እግሬ ካርታ አይደለም። ከታች ሆኖ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቀላል ነው። እኔ በዚህ እግር ነው እንጀራዬን የምበላው። መቆናጠጫ ብረቱን እግሬ ላይ አጥልቄ ምሰሶው ጫፍ ስደርስ፣ ሰፈሩ ሁሉ ከስሬ ሆኖ፣ ሽቦውን አገናኝቼ መብራት ቦግ ሲል ሰው ከየቤቱ ሲያጨበጭብ፣ ያኔ ነው እኔ ሰው የምሆነው። ያለሱ ምንድነኝ? ወንበር ላይ የሚያዛጋ ዘበኛ?

ለሐኪሙ እምቢ ብያለሁ። እሱንም ነግራሽ ይሆናል።

አትጻፊልኝ አልልም። ካርታ ግን አታንሺብኝ።

ወንድምሽ

የካቲት 19

ለወንድሜ፣

ልክ ነህ። በድዬሃለሁ።

የባለቤትህ ደብዳቤ የመጣ ቀን ሩዝ እየለቀምኩ ነበር። አንብቤ ስጨርስ የተለቀመውንና ያልተለቀመውን መልሼ ደባለቅሁት። አንተ እስክትነግረኝ ልጠብቅ አልኩ። ስትጽፍልኝ እግሬ ደህና ነው አልክ። ሁለተኛም ትኩሳቱ ወረደ አልክ። ላንተ በግልጽ መናገር ፈራሁ፤ ፈሪ ሰው ደግሞ ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳል። ልጅ ሆነህ መድኃኒቱን በስኳር ደብቄ እንደማጎርስህ ሁሉ። ትልቅ ሰው እንደሆንክ ረሳሁ። ይቅር በለኝ።

እዚህ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ አንድ ነገር አለ፣ መሰርሰሪያው ዓለት ውስጥ ሲሰነቀር... ይኸው፣ ደግሞ ልጀምርልህ ነበር። ተውኩት።

በቀጥታ ልበልህ። ሐኪሙ ለባለቤትህ አጥንቱ ውስጥ መግል ይዟል ብሏታል። ትኩሳቱ ከዚያ ነው። ወደ ደምህ ከገባ መመለሻ የለውም። እኔ የምፈራው እሱን ነው። እግርህን የምታውቀው አንተ ነህ፤ ውሳኔውም ያንተ ነው። የትኛውንም ብትወስን ወንድሜ ነህ። ዘበኛ ብትሆን ወንድሜ ነህ፤ ብታዛጋም።

እናታችን ሞታ አንተን ይዤ የቀረሁ ጊዜ፣ ምን ይዘሽ ነው የምታሳድጊው ይሉኝ ነበር። አንተን ይዤ ነበር። እስካሁንም የያዝኩት አንተን ነው። ሌላ ቃል የለኝም።

እህትህ

መጋቢት 1

ለቀውላላዬ፣

የስንቅ መኪናዋ ሁለቴ ተመላልሳ ካንተ ምንም አላመጣችም። ሹፌሯ ከሩቅ ሲያየኝ ገና ሳልጠይቀው እጁን ያወናጭፋል። ተቆጥተህ ከሆነ ቁጣህን ጻፍልኝ። ታመህ ከሆነ ሌላ ሰው ይጻፍልህ። አንድ መስመር ይበቃኛል።

እህትህ

መጋቢት 3

ለእታለሜ፣

መልስ ያቆየሁት ቂም ይዤ አልነበረም። መጀመሪያ ይዤ ነበር፤ ከዚያ ትኩሳቱ ቂሙንም አስረሳኝ። አሁን ትንሽ ልቤ ተመልሶልኛልና ሳይሄድ ልጻፍ።

ያለፈው ሳምንት ትንሽ ሻል ያለኝ ቀን ቁጭ አድርገውኝ ተጫወትን። ሦስት ሰባት ደረሰኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ካርታ አልያዝኩም! ጨመርኩ፣ ዳኛው ጨመሩ፣ ጨመርኩ። ሁሉን አወጣሁ። ዳኛው ካርታቸውን ሲገልጡ አምስቱም ልብ ነው፤ አምስት አንድ ዓይነት ደግሞ ሦስት ሰባትን ይበልጣል። ተበላሁ።

“አንተ ልጅ፣” አሉኝ፣ “ስንጫወት ዓይንህ የት ነው ያለው?”

“ካርታዬ ላይ ነዋ።”

“ሌላውን ሰው አታይም?”

“ሌላው ሰው ምን ያደርግልኛል? የያዝኩት የኔ ካርታ ነው።”

“እኔ አንድም ካርታ አልቀየርኩም። የታደለኝን እንዳለ ይዤ ቁጭ ስል ጋጋሪው እንኳን አይቶ ወጣ። አንተ ግን ከካርታህ ላይ ቀና አላልክም።” ቆርኪውን አንድ በአንድ ሰበሰቡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ሚስትህ ስትመጣም እንዲሁ ነህ፤” አሉኝ።

“እንዴት ማለትዎ ነው?”

“የኔ አልጋ በመስኮቱ በኩል ነው። መስኮቱ ወደ ኮሪደሩ ያሳያል። ካንተ ተሰናብታ ስትወጣ የምትሆነውን እኔ አያለሁ፤ አንተ አታይም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ የሰው ትዳር ነው።”

ሹፌሩ ካርታውን ሰብስቦ ትራሱ ሥር ከተተ።

በማግሥቱ መጣች። እንደ ሁልጊዜው እየሳቀች ገባች፣ እንደ ሁልጊዜው የሚጣን ሥዕል ዘረጋች። ሥዕሉን ትቼ እሷን አየሁ። እታለም፣ ከወደቅሁ ጀምሮ አይቻት አላውቅም ነበር ለካ። የጫማዋ ጭቃ አልደረቀም። ሰዓቷ አንጓዋ ላይ ልቅ ሆኖ ወደ ክርኗ ይንሸራተታል። ፀጉሯን ከፊት ብቻ አበጥራ ነው የመጣችው፤ ኋላው በወንበር ላይ የተኛ ሰው ፀጉር ነው።

“ምን ታየኛለህ?” አለችኝ።

“እንዴት ነሽ?”

“ደህና ነኝ።”

“እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። ማደሪያሽ የት ነው?”

ሥዕሉን ማጠፍ ጀመረች። “ሚጣን ለጎረቤት እተዋትና...”

“የት ነው የምታድሪው?”

“ታች፣ ጠያቂ የሚጠብቅበት አግዳሚ ላይ። ሁልጊዜ አይደለም። ትኩሳትህ የጨመረ ቀን ብቻ።” ከዚያ ሳቋ ወለቀ፤ ሌላ ቃል የለኝም፣ እንደ ጭምብል ወለቀ። “ፈርቻለሁ፤” አለች። “ቤት ስሆን በር ሲንኳኳ መርዶ ይመስለኛል። እዚህ ስሆን ሲስተር ስትሮጥ አንተ ጋ ይመስለኛል። ለልጄ አባትሽ እግሩን ስለሚወድ ሞተ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት?”

“ምሰሶ ላይ የማይወጣ ባል ምን ያደርግልሻል?” አልኳት። ይህን ነበር የፈራሁት፤ ለሐኪሙም ለዳኛውም ያልተናገርኩት።

“ምሰሶ ላይ የሚወጣውስ ምን አደረገልኝ?” ብላ ጮኸችብኝ፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። “ዝናብ በዘነበ፣ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር አንጋጥጬ አንገቴ ደርቆ ቀረ! አንተ ላይ ሆነህ ጭብጨባ ትሰማለህ፤ እኔ ታች ሆኜ መቼ ይወድቅብኛል እላለሁ። ውረድልኝ በቃ! ውረድልኝ!”

ከዚያ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ይህኛውን ነጠብጣብ ቀለም ነው አልልሽም። ሹፌሩ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሲያስል ሰማሁት። ጋጋሪው ደግሞ ዓይኑን የሚጠርግበት እጅ የለውም፤ ሲስተር በፎጣ ጠረገችለት።

ሐኪሙን አስጠራሁት። የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ነው። ጉልበቱ ይተርፋል ብሏል፣ ጉልበት ካለ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ አይከብድም አለ። ነገ ጠዋት ነው።

ፈርቻለሁ። ይኸው፣ አልደበቅሁሽም።

ወንድምሽ

መጋቢት 11

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ነገ ጠዋት ያልከው ጠዋት አልፏል። እኔ የቱ ጋ ሆኜ እንዳለፈ አላውቅም፤ ድንች ስልጥ ይሆናል፣ ስስቅ ይሆናል። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። የካምፑ አለቃ በሬዲዮ መገናኛ ወደ ዋናው ቢሮ ይጠይቅልኛል፤ እነሱ ደግሞ ሆስፒታሉን ይጠይቃሉ። እስከዚያ ይህን የምጽፈው ለማን እንደሆነ እንኳ በእርግጥ አላውቅም።

ቆፋሪዎቹ ዛሬ ምግቡ ጨው በዝቶበታል አላሉም። በዝቶበት ነበር። አሟጠው በሉ፤ ሳህናቸውንም ራሳቸው አጠቡ።

ከምድር ላይ አንድ ነገር ጠይቂ ብባል ያቺን የተንጋደደች ጽሑፍህን ነው የምጠይቀው።

ወረቀቱን አጥፌ ልዘጋ ስል አለቃው ከድንኳኑ እየሮጠ መጣ። ከሩቅ አውራ ጣቱን ከፍ አድርጎልኛል። በዚያው ቀን ነቅቷል ይላል። ውሃ ጠየቀ፣ ከዚያ ካርታ ማን እንዳሸነፈ ጠየቀ ይላል።

ፈጣሪ ይመስገን። ፈጣሪ ይመስገን። ሌላ አልጽፍም፤ ሄጄ ለቆፋሪዎቹ ልንገራቸው።

እህትህ

ሚያዝያ 22

ለእታለሜ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ይህን ቁጭ ብዬ፣ በቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነው የምጽፈው። ጽሑፌን እይው፣ ቀጥ ብሏል፤ እኔ ብቻ ነኝ ወደ አንድ በኩል የማዘነብለው።

ቁስሉ እንዴት ነው ያልሽው፣ ደርቋል። ትኩሳት የለም። ያመኛል ወይ? ያመኛል፣ የሚገርምሽ ግን የሚያመኝ የሌለው ነው። የሌለው አውራ ጣቴ ይበላኛል፤ እጄን ልኬ አንሶላ አካለሁ። ሐኪሙ ይለቅቅሃል ብሏል። ከመሥሪያ ቤት አለቃዬ መጥቶ ነበር። ስለ ብልሽት የሚደውሉ ሰዎችን ተቀብሎ ሠራተኞችን የሚያሰማራ ሰው ይፈልጋሉ፤ መስመሩን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም አለኝ። ወንበር ላይ ነው። ወዲያው እሺ አላልኩም። ሳምንት አኮረፍኩ፣ ማንን እንደማኮርፍ ሳላውቅ። ከዚያ ሰፈሩ መብራት ጠፋበትና ሰው ሁሉ እኔ ደጅ መጣ፣ መብራቱ መቼ ነው የሚመጣው እያለ። በክራንች ቆሜ የትኛው ምሰሶ ላይ እንደሆነ ነገርኳቸው። በማግሥቱ ሥራውን ተቀበልኩ። ደስ ብሎኝ ነው አልልሽም። ምሰሶ ሳይ አሁንም ፊቴን አዞራለሁ።

ክፍላችን ተበታትኗል። ዳኛው ልጃቸው ቤት ገቡ። የጋጋሪው ጀሶ ተፈታ፤ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ካርታ በገዛ እጁ ማደል ነበር፣ ግማሹን ወለል ላይ በተነው። ሹፌሩ ገና እዚያው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ በካርታ ይበላኛል። አሁን ግን በቀላሉ አይደለም። ሲያስመስል ግራ ቅንድቡ እንደሚነሳ ደርሼበታለሁ፤ አልነገርኩትም።

ስለ ሚጣ ጠይቀሻል። ይህን በመጨረሻ ያስቀመጥኩት መጻፉ ስለከበደኝ ነው።

ቤት የገባሁ ቀን አልቀረበችኝም። በር ላይ ክራንቹን አየች፣ ወደ ታች አየች፣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ስጠራት ወጥ ቤት ገባች። ማታ ስትተኛ ከሩቅ እጇን ብቻ አወዛወዘችልኝ። የሐኪሙ ቢላዋ እንዲያ አላመመኝም፣ እታለም። ሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ። እናቷ፣ “አትጫናት፣ ትመጣለች፤” አለችኝ።

ሦስተኛው ቀን ጠዋት ነው። ገና አልተነሳሁም። በሩ ተገፋ። ሚጣ አሻንጉሊቷን በአንድ እግሯ አንጠልጥላ መጥታ አልጋው ጫፍ ቆመች። ብርድ ልብሱን አየችው። በአንዱ በኩል ከፍ ብሏል፣ በሌላው በኩል ከጉልበቴ በታች ዝርግ ነው።

“እዚህ ጋ ምንም የለም?” አለችኝ፣ በጣቷ ሳትነካ እያመለከተች።

“የለም፣ የኔ እናት።”

“ምንም ምንም?”

“ምንም።”

አሰበች። አሻንጉሊቷን ወደ አልጋው ወረወረች። ከዚያ በሆዷ እየተሳበች ወጣች፣ እግሬ በነበረበት ቦታ ተጠቅልላ ጋደም አለች፣ ጭንቅላቷን ጉልበቴ ላይ አድርጋ።

“እንግዲያው እዚህ የኔ ቦታ ነው፤” አለች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እዚያው ነው የምትተኛው። አልጋዋን አንሥተን ከሳሎኑ ጥግ አስቀምጠነዋል። ክረምት ሲገባ ካምፑ ይዘጋል ብለሻልና ነይ፤ እሱን ላንቺ እናነጥፍልሻለን።

ወንድምሽ